ሐጂ ቡሽራ ያጣመሟት መርፌ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ላይ ይውረድ። ከዚያ በኋላ፣ ስሟን ባልጠራው የሚሻል አንዲት የቆየች ከተማ አለች። ስሟን ብጠራ ሰዎቹ ይታወቃሉ፤ ሰዎቹ ከታወቁ ታሪኩ ሐሜት ይሆናል፤ ሐሜት ደግሞ የሞተ ወንድምን ሥጋ እንደ መብላት ነው ተብለናል። ስለዚህ የሰዎቹንም ስም ቀያይሬዋለሁ። ይህን ያህል ብቻ ልበል፦ ከተማዋ ደጋ ላይ ተቀምጣ ቆላውን ቁልቁል ታያለች። ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ገደሉን ይዞ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉም ይውጠዋል።

በዚህች ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራቸው የመኪና ጌጅ መጠገን ነው፤ ያን ሾፌሩ ከመሪው ጀርባ ፍጥነቱን፣ ነዳጁንና የሞተሩን ሙቀት የሚያይበትን። የጌጅ መርፌ በፀሐይ ይነጣል፣ ይደርቃል፤ አንድ ቀን መኪናው ጉድጓድ ላይ ሲዘል ቀጭ ይልና መስታወቱ ውስጥ ይወድቃል። ያኔ ሾፌሩ ወደ ሐጂ ቡሽራ ይመጣል። እሳቸው መስታወቱን አውጥተው፣ በሁለት የሻይ ማንኪያ ከግራና ከቀኝ ደግፈው፣ የተሰበረውን ከሥሩ ይነቅላሉ። ከአሮጌ መኪና ነቅለው ካስቀመጧቸው መርፌዎች አንዱን ይመርጡና ይተክላሉ። መትከሉ ለማንም አይከብድም፤ ጭንቁ የት ላይ ተደርጎ እንደሚተከል ማወቁ ነው። የነዳጁን በሊትር እየቀዱ ይለኩታል። የሙቀቱንም የፈላ ውሃ ይዘው ሱቃቸው ውስጥ ይጨርሱታል። የፍጥነቱ ግን ሱቅ ውስጥ አይሆንም፤ መንገድ መውጣት ይጠይቃል።

ከመቃብሩ ወዲያ ሜዳማ መንገድ አለ፤ በየኪሎ ሜትሩ ነጭ ድንጋይ ቆሞበታል። በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከድንጋይ እስከ ድንጋይ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህን ሾፌር ሁሉ ያውቃል። ሐጂ ቡሽራ ግን ደቂቃዋን በእጅ ሰዓት አይለኳትም ነበር። በዚክር ነበር የሚለኳት። ሠላሳ ሦስት ጊዜ ሱብሐነላህ፣ ሠላሳ ሦስት ጊዜ አልሐምዱሊላህ፤ በእርጋታ ሲባል ልክ አንድ ደቂቃ ይሞላል። ጋቢና ይቀመጣሉ፤ ጌጁ መስታወቱ ወልቆ ፊታቸው ነው፤ መርፌዋ በጣታቸው ናት። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲያልፍ መቁጠር ይጀምራሉ። ስልሳ ስድስቱ ሳያልቅ ቀጣዩ ድንጋይ ከደረሰ ቀስ በል ይላሉ፤ አልቆ ካልደረሰ ጨምር ይላሉ። ልክ ሲገጥምላቸው ሾፌሩ እግሩን እንዳለ ያጸናል፣ እሳቸው መርፌዋን ስልሳ ላይ ጫን ያደርጓታል። ከዚያ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ያረጋግጣሉ።

ከተማው በዚህ ይኮራ ነበር። ሰዓት ባትሪው ያልቃል፣ አላህን የሚያወሳ ምላስ ግን አያልቅበትም እየተባለ ለእንግዳ ይነገር ነበር። ሾፌሮቹማ ቁልቁለቱን ሲወርዱ «በሐጂ መርፌ አርባ» የሚል ቃል አላቸው። ጉም ውስጥ ገደሉም አይታይም፣ መንገዱም አይታይም፣ ሰውየው መፍጠኑን በምን ያውቃል? መርፌዋን አርባ ላይ አስቀምጦ ቢስሚላህ ብሎ ይወርዳል። ሐጂ ቡሽራ በተከሏት መርፌ ወርዶ ገደል የገባ አልነበረም።

እኔ የግቢ ጎረቤታቸው ነኝ። በአጥራችን መሃል የወደቀ እንጨት አለ፤ በዚያ በኩል የማላየው ነገር የለም።

ያ ቀን ሐሙስ ነበር። የሐጂ ቡሽራ ትንሿ ልጅ ዘምዘም ለትዳር ልትጠየቅ ነው። የሚጠይቋት የትልቅ ዓሊም ቤት ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ደግሞ ሊያገባት የፈለገው ልጅ አያት፣ ሸህ ሙኽታር ራሳቸው። ከዙህር፣ ከቀትሩ ሰላት በኋላ ሊመጡ ተቀጥሯል። በከተማችን ወግ ሽማግሌ የልጅቱ አባት ከጎኑ ተቀምጦ ቃሉን ካልሰማው ቤት አይገባም። በር ላይ ቆይቶ ቢጠብቅም እስከ አስር ሰላት፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ እስክትል ነው። አስር ከተሰገደ ዞሮ ይሄዳል፤ ያ ቤት ለዚያ ቤት ሁለተኛ ሽማግሌ አይልክም።

ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሰላት ጀምሮ እነሱ ቤት ነበርኩ፣ ሽንኩርት ስከትፍ። ሐጂ ቡሽራን እንደዚያ ቀን ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ምንጣፉ ተራገፈ ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁ፣ ሁለት ጊዜ ልብስ ቀየሩ። ሚስታቸው እቴ ሰዓዳ እርስዎ ነዎት እንዴ የሚዳሩት ብላ ብትቀልድ እንኳ አልሳቁም። ያችን ልጅ በስተርጅና ነው ያገኟት።

ረፋዱ ላይ ሾፌሩ ሙዘሚል መጣ። ሚኒባሷን ከገዛ ሳምንቱ ነው፤ ባሕሪዋን ገና አልለመደም። የፍጥነት መርፌዋ በዋዜማው ወድቃለች፤ እሱ ደግሞ በዚያው ቀን ተሳፋሪ ይዞ ቆላ ሊወርድ ነው። ነገ ና ቢሉት ይሄድ ነበር። ግን ሐጂ ቡሽራ በዕድሜያቸው ሰው ነገ ና ብለው አያውቁም። ቶሎ እንጨርሰዋለን አሉና ማንኪያቸውን ኪሳቸው ከተው አብረውት ወጡ።

ሽንኩርቱን ሳልጨርስ ተመለሱ። ያን ጊዜ ነው ነገሩን ያየሁት። ለመሄድ፣ ሦስት ጊዜ ለመመላለስና ለመመለስ የሚፈጀውን ጊዜ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሲወጡ ሲገቡ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የለኩት። ሙዘሚልም በር ላይ ሆኖ ሐጂ ዛሬ እኮ አበረሩኝ፣ ስልሳ እንዲህ መፍጠኑን አላውቅም ነበር እያለ ይስቃል። ሐጂ ካሉ ስልሳ ነው ብሎ ደግሞ ራሱ መለሰ። እኔም ወደ ማድ ቤት ገብቼ ለሦስቱ ሴቶች ሐጂ ዛሬ ለአማቾቻቸው ሲሉ ዚክሩንም አሳጠሩት ብዬ አሳቅኳቸው።

ሙዘሚል መናኸሪያ ሄዶ መኪናው እስኪሞላ ቆየ። አሥራ አራት ሰው ጫነ። ከአሥራ አራቱ አንዷ እህቴ ሩቅያ ናት፤ የስድስት ወር ልጇን አዝላ ቆላ ወዳለችው አማቷ ትሄዳለች። ዙህር አዛን ሲል ወጡ፤ ሰላቱን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ባለችው ትንሽ መስጂድ ይሰግዳሉ፣ ከዚያ ይወርዳሉ።

ቀጥሎ ያለውን የነገረኝ የሩቅያ ባል ጅብሪል ነው፤ መስጂድ ውስጥ ከሐጂ ቡሽራ ጎን ነበር የሰገደው። ሰላቱ አለቀ፣ ሁሉም ተቀምጦ ተስቢሁን፣ ያንኑ በሠላሳ ሦስት የሚቆጠረውን ዚክር ጀመረ። ሐጂ ቡሽራ ሁልጊዜ ከኢማሙ ጋር እኩል ነው የሚጨርሱት። ያን ቀን ጨርሰው ቀና ሲሉ ሁሉም ጣቶቹን እየቆጠረ ነው። ኢማሙም ገና ናቸው። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ጅብሪል እንደሚለው ፊታቸው አመድ መሰለ። ጣታቸውን ዘርግተው እንደ ሌላ ሰው ጣት አዩት። ከዚያ ለዱዓ እጃቸውን ሳያነሱ ተነሡና የጅብሪልን ክንድ ይዘው ሞተር ሳይክልህ የት ነው አሉት።

ቁርጡን በመንገድ ላይ ነገሩት። ጠዋት መርፌዋን ሲለኩም ልባቸው ቸኩሎ ዚክሩን አቻኩሎታል። ስልሳ ስድስቱ ደቂቃ ሳይሞላ አልቋል። ስለዚህ ሙዘሚል ስልሳ ነው ብሎ እግሩን ያጸናው ሰባ አምስት ግድም ሲሄድ ነው፤ መርፌዋን ስልሳ ብለው የተከሏት እዚያ ላይ ነው። መኪናው ሲቆም መርፌዋ ዜሮው ላይ ያለችውን ማቆሚያ ተደግፋ ትተኛለች፤ ጥፋቷ አይታይም። አሁን እሱ በሐጂ መርፌ አርባ ብሎ ጉም ውስጥ ሲገባ ሃምሳ አምስት ይሄዳል። ጅብሪል ይህን ሲሰማ ያሰበው ሚስቱንና ልጁን ብቻ ነበር። ስልክ ደወለ፤ አይሠራም። ያ መንገድ ከከተማው እንደተወጣ ስልክ አይይዝም።

ሞተሩ ቤንዚን ስላልነበረው ከኛ ግቢ ሊቀዱ መጡ። እንግዲህ ያኔ ነው ሽማግሌዎቹ የደረሱት። አምስት ሆነው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሸህ ሙኽታር ከፊት። ሐጂ ቡሽራ ከበራቸው ላይ በጅብሪል ሞተር ኋላ ተፈናጥጠዋል። እቴ ሰዓዳ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዛ በለሆሳስ ትለምናለች፤ ጅብሪል ብቻውን ይሂድ፣ ይድረስበት፣ ይንገረው፤ እርስዎ ቢሄዱም ቢቀሩም መኪናዋ አንድ ናት ትላለች። እውነቷን ነው ብዬ ነበር እኔም በልቤ።

ሐጂ ቡሽራ ሽማግሌዎቹን ሰላምታ ሰጧቸውና ምንም ሳይሸፍኑ ነገሩን ተናገሩ። እናንተን ለመቀበል ቸኩዬ ነፍስ የያዘች መርፌ አጣምሜአለሁ አሉ። ሸህ ሙኽታር በዕድሜ ይበልጧቸዋል።

«ቡሽራ፣ ሰው ላክ እንጂ» አሏቸው። «ዛሬ እኮ የልጅ አባት ነህ።»

«ሸሁ፣ ሰው ብልክ ሙዘሚል አያምነውም። የሐጂ መርፌ ትዋሻለች ቢሉት ስቆ ይወርዳል። በኔ ያመነውን ሰው ከኔ አፍ በቀር የሚመልሰው የለም።»

ሸህ ሙኽታር ከመንገዱ ገለል አሉላቸው። ሞተሩ ተነሣ። ሐጂ ቡሽራ ጥምጣማቸው እየተፈታ ሲሄዱ ከኋላ አየናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት አላህ ለማንም አያሳይ። ሽማግሌዎቹ ወደ ቤት አልገቡም፣ አልሄዱምም፤ ከበሩ ውጪ ካለችው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ውሃ አወጣንላቸው፤ ጠጡ፣ ወጉ ውሃን አይከለክልም። ምግቡ ማድ ቤት ውስጥ ቀዘቀዘ። ዘምዘም አዲስ ልብሷን ለብሳ ጓዳ ተቀምጣለች፤ የእጇ ሂና ገና አልደረቀም። ከደጃችን ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲታይ ገደሉ የለም፤ ነጭ ብቻ ነው፣ እንደ ተዘረጋ ጥጥ። እዚያ ውስጥ እህቴ አለች። ልጇ አለ። በየደቂቃው እደውላለሁ፤ ስልኩ ያው ነው።

ከዋርካው ሥር የሚባለውን እሰማ ነበር። አንዱ ሐጂ አርጅቷል አለ፤ ሌላው ስንት መኪና ይሆን እንዲህ የወረደው አለ። ሦስተኛው ደግሞ የአባቷ እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብሎ ጀመረ። ሸህ ሙኽታር አስተግፊሩላህ በል ብለው ቆረጡት። እኔ ግን የራሴ ነገር ነበር የሚያንገበግበኝ። አንድ ጊዜ ብቻ መለካታቸውን አውቄ ነበር። ለሦስት ሴቶች ነግሬአለሁ፤ ለእሳቸው አልነገርኩም። ሐጂ፣ ዛሬ ሁለቱን ትተዋል ብል ምን ይሉኝ ነበር? ምናልባት ይመለሱ ነበር። ወሬ ለባለቤቱ ሲነገር ምክር ነው፤ እኔ ለማድ ቤት ነገርኩት። ይህን እያሰብኩ ያ ረቢ፣ በኔ ምላስ እህቴን አትቅጣ እል ነበር።

የአስር አዛን አለ። ሽማግሌዎቹ እዚያው ሰግደው ተነሡ። ሸህ ሙኽታር ወደ መንገዱ ረጅም ጊዜ አዩ፤ ያው ጉሙ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ ዘንጋቸውን አነሡና ሄዱ። እቴ ሰዓዳ ከዓይን እስኪጠፉ በሩ ላይ ቆመች፤ ተመልሳ ስትገባ ጓዳው ደፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዘምዘም ወጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። ያልጠበቅኩትን ተናገረች።

«እማ፣ አባቴን እስከ መግሪብ መጠበቅ ያቃተው ቤት እኔን ዕድሜ ልኬን ይጠብቀኛል?»

እናትየዋ እንባዋን ጠርጋ ወደ በሩ አየች። የዚያን ጊዜ ስለ ጋብቻ የሚያስብ ልብ ማን ነበረው።

መግሪብ ሊሰገድ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሞተር ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ወጣን። ጅብሪል ነው። ብቻውን። ልብሱ ርሷል፣ ከኋላው ማንም የለም። እቴ ሰዓዳ መሬት ላይ ዘፍ አለች። እኔ ኢና ሊላሂ ማለት ጀመርኩ፤ ማንን ብዬ እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ እህቴን ይሁን፣ ሐጂን ይሁን። ጅብሪል ከሞተሩ ሳይወርድ ሁለቱንም እጆቹን አንሥቶ ደኅና ናቸው፣ ሁሉም ደኅና ናቸው አለ። ውሃ አጠጣነውና ነገረን። ሩቅያም ከሳምንት በኋላ ስትመለስ የጎደለውን ሞላችልኝ።

አፋፉ ላይ ካለችው መስጂድ ሲደርሱ ሙዘሚል ሰግዶ ወርዷል። የጎማው ምልክት ጭቃው ላይ ገና ትኩስ ነው። ጉሙ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ጅብሪል ልቡ አልረጋ ብሎት ነዳው፤ ሐጂ ቡሽራ ከኋላ ሆነው ቀስ በል፣ እኛ ከገባን ማን ይነግራቸዋል ይሉታል። ሊደርሱባቸው እየተጣደፉ ቀስ ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ጅብሪል ደጋግሞ ይነግረናል።

መኪናዋ ደግሞ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ የኋላ ጎማዋ ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠር ላይ ተንሸራቷል። ሴቶች ሞት የደረሰ መስሏቸው ሸሃዳ ያዙ። የሩቅያ ልጅ ነቅቶ ጮኸ። ሙዘሚል መሪውን አዙሮ መለሳት፤ ላቡ እየወረደ መርፌዋን አየ። አርባ። ጎማው ነው እንጂ ፍጥነቱስ አርባ ነው ብሎ ለተሳፋሪው ነገረና ጉዞውን ቀጠለ። በኋላ እንዳመነው ግን እግሩ እየፈጠንክ ነው ብሎት ነበር፤ ጆሮውም ብሎት ነበር። እነዚህን ሁሉ በአንዲት መርፌ ዝም አሰኛቸው፤ የሐጂ ናትና።

አራተኛው ጠመዝማዛ ሳይደርስ ከኋላው የሞተር ጥሩምባ መጣ። ቸኳይ መስሎት ሰፋ ያለች ቦታ ስትገኝ ዳር ያዘለት። ከጉሙ ውስጥ ሐጂ ቡሽራ ወጡ፤ ጋቢያቸው ውሃ ያንጠባጥባል፣ ጥምጣማቸው የለም። ሙዘሚል ሲያያቸው የመርዶ ነገር መስሎት ዘሎ ወረደ። ሐጂ ቡሽራ ግን ወደ ተሳፋሪው በር ቀረቡና ሁሉም እየሰማ ተናገሩ።

«ሙዘሚል፣ መርፌህ ትዋሻለች። ያዋሸኋት እኔ ነኝ። አርባ ስትልህ ሃምሳ አምስት እየሄድክ ነው።»

ሙዘሚል ጎትቶ ወደ ጎን ሊወስዳቸው ሞከረ። በሹክሹክታ ነበር፣ ሩቅያ ግን በር አጠገብ ናትና ሰምታዋለች።

«ሐጂ፣ ይተዉት፤ ጎማ ነው ብያቸዋለሁ። ያምኑኛል። ስምዎ ለምን ይበላሻል?»

«የተሳፈሩት በስሜ አይደለም ልጄ፣ በመኪናህ ነው።»

ከዚያ ማንኪያዎቹን አወጡ። መስታወቱን ከፍተው፣ በቀዘቀዘ እጅ፣ ከግራና ከቀኝ ደግፈው መርፌዋን ነቀሏት። ሙዘሚል ያለ መርፌ እንዴት ልውረድ ሲላቸው እስካሁን በምን ስትወርድ ነበር አሉት። ጅብሪል በሞተሩ ከፊት ቀስ እያለ እንዲመራው ተስማሙ።

ግን ከመነሣታቸው በፊት ሐጂ ቡሽራ እያንዳንዱን ተሳፋሪ ዓውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብለው ለመኑ። አንዲት አሮጊት ነበረች፣ ሐጂ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ዓውፉን ጀነት ላይ ነበር የምንነጋገረው አለቻቸው፤ ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። አንድ ነጋዴ ግን ፊቱን አዞረ። አራት ልጆች አሉኝ፣ የቲም አድርገህ ያለ አባት ልታስቀራቸው ነበር፣ ዓውፍ አልልም አለ። ሌሎቹ ተው እንጂ አሉት። ሐጂ ቡሽራ አትጫኑት አሉ፤ ሐቁ ነው። ጋቢና ከሙዘሚል ጎን ገቡና እስከ ታች አብረው ወረዱ። ገደል ቢኖር ከፊት ሆነው ሊያገኙት ነው። ለዚህ ነው ጅብሪል ብቻውን የተመለሰው።

በማግስቱ ጁሙዓ ነበር። ሐጂ ቡሽራ ጠዋት በጭነት መኪና ተሳፍረው መጡ፤ ሽማግሌዎቹ መሄዳቸውን በር ላይ ሰሙ፣ አልሐምዱሊላህ አሉና ገቡ። ዘምዘምን ጠርተው ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ በዚያ ቀን አጥሩ ጋ አልሄድኩም። ሰላቱ ሲያልቅ ግን መስጂድ ውስጥ ተነሥተው ሁሉንም ተናገሩ። ከረመዳን ወዲህ መርፌ የተከልኩለት ሁሉ መኪናውን ወደ መቃብሩ ሜዳ ያምጣ አሉ። ሃያ አንድ መኪና ተሰለፈ። ሰዉ እንደ ለቅሶ ቤት ዳር ዳሩን ቆመ። ሐጂ ቡሽራ የጅብሪልን የእጅ ሰዓት ተውሰው፣ ከአንዱ መኪና ወርደው ሌላው ላይ እየወጡ ለኩ። ከሃያ አንዱ ሁለቱ ተዛንፈዋል፤ አንዱ በትንሹ፣ አንዱ በስምንት። እነዚያን ሲተክሉ ማንም አልጠበቃቸውም ነበር፣ አልቸኮሉምም። ይህን ሲረዱ መኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ አይቻቸዋለሁ፤ በጣም አርጅተው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሾፌሩ ራሱ በሰዓት ሳይቆጥር መርፌ አልተከሉም።

ከሾፌሮቹ አንዳንዶቹ ከዚያ ወዲያ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ጀመሩ። ሙዘሚል አልሄደም። ከሸህ ሙኽታር ቤት ሽማግሌ አልተመለሰም። የዘምዘም ኒካሕ በሁለተኛው ዓመት ለሌላ ሰው ሆነ፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

አንድ ቀን ትኩስ ዳቦ ይዤላቸው ገብቼ ደፈር ብዬ ጠየቅኳቸው። መንገዱ ላይ ያደረጉትስ የነፍስ ነገር ነው፣ ይገባኛል። ጁሙዓ ላይ ቆመው ማወጁ ግን ለምን አስፈለገ? ሁለቱን መኪናዎች ማንም አላወቀባቸውም ነበር። ሐጂ ቡሽራ ዳቦውን ቢስሚላህ ብለው ቆረሱና ለኔም ሰጡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ያላመነ ሰው ይጠይቃል፤ ያመነ ሰው አይጠይቅም። ስለዚህ የታመነ ሰው ራሱን ይጠይቅ።»

ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። እኔ ግን ቃሉን ይዤው እዞራለሁ። መታመን ክብር ብቻ ይመስለን ነበር፤ ሰው ሲያምነን ደስ ይለናል፣ ደረታችን ይነፋል። እሳቸው ግን ያሳዩን ሌላ ነው። ሰው ሲያምነን ዓይኑን ለኛ አውሶ ጉም ውስጥ ይገባል፤ በሱም ዓይን እኛ ልናይለት ነው። አማና፣ አደራ የሚሉት ይህን ነው መሰለኝ። ሙዘሚልን አስቡት፤ እግሩ እውነቱን ነግሮት ነበር፣ አክብሮቱ ግን አፉን ያዘው። ማክበሩ ኃጢአት አልነበረም። ግን ሽማግሌን ማክበር ማለት ሸክሙን ብቻውን እንዲሸከም መተው ከሆነ፣ የከበረውም ያከበረውም አብረው ገደል አፋፍ ላይ ይቆማሉ። ያመንነውን ሰው አባቴ፣ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ መጠየቅ ንቀት አይደለም፤ ሸክሙን ማገዝ ነው።

ያ ነጋዴ ዓውፍ እንዳላለ ነው። ሐጂ ቡሽራ ግን ቆላ በወረዱ ቁጥር ሱቁ በር ላይ ቆመው ሰላምታ ይሰጡታል፤ እሱም ሰላምታውን ይመልስላቸዋል። አላህ ባመኑን ሰዎች ፊት እንድንቆም አቅም ይስጠን። ኣሚን።